መቀነት

ከብት ሲያክም ሰንብቶ ልጄ ከሮቢት ሲመለስ፣
ብርቱካን መስሎኝ ነው ጆንያውን ስዳስስ፤
ጆንያው ተላወሰ፣ እጄም ቀረ ደርቆ፣
«መርዝ የለውም እማ» አለ ልዑልሰገድ ስቆ።

ከማሽላው ማሳ ዳር፣ ዱላ ተነሥቶበት፣
ይዞት ሸሽቶ ኖሯል ጃኬቱን ጥሎበት።
ቡናማ፣ ለስላሳ፣ ቢስቡት የማያልቅ፣
እናቴ ወገቧን የምታስርበት ጨርቅ
መሰለኝ፤ «መቀነት» አልኩት ሳላስበው፤
ስም ያወጡለትን መግደል እኮ ነውር ነው።

ደብረ ብርሃን ደግሞ፣ ኅዳር ሲገባደድ፣
ባልዲ ውስጥ ያደረ ውኃ ሲነጋ በረድ፤
«የቆላ ፍጥረት ነው፣ ሙቀት ያሻዋል» አለ፣
ከቁም ሣጥኔ ላይ መስታወቱን ነቀለ፣
ቤት ሠራለት፤ በላዩ ወንፊት፣ በጎኑ አምፖል፤
የመብራቱን ሒሳብ ማን እንደሚከፍል
አላነሣም።

ቡላ፣ አሮጌው ውሻዬ፣ ሦስት ቀን ጮኸና
በአራተኛው ሰለቸው፤ ጀርባውን ሰጠና
ተኛ።
እሜቴ ድመቷ ግን ነገሩን አጤነች፤
አምፖሉን ተጠግታ ወንፊቱ ላይ ወጣች፤
ከሆዷ ሥር ወንፊት፣ ከወንፊቱ ሥር እባብ፣
ዐይኗን ጨፍናለች፣ በጥፍሯ ስታስብ።

ሌላም ጠብ አለ፤ አይጥ። የጓዳዬ ግብር
ለእሜቴ ብቻ ነበር ከጥንት የሚገበር፤
አሁን ልጄ በወጥመድ ይይዝና በሳምንቱ
ለመቀነት ይሰጣል፤ ሲውጠው ከነጅራቱ
እሜቴ ታያለች፣ ጢሟን አስደግፋ በመስታወቱ።

እትዬ የሺመቤት ደጄን መርገጥ ተወች፤
«ሔዋንን ማን አሳተ?» ብላ መልእክት ላከች።
በአጥር ላይ መለስኩላት፦ «በለስ የለኝ፣ ገነት የለኝ፤
ጓሮዬ ጎመን ብቻ ነው፤ በምን ብሎ ሊያስተኝ?»

ከዚያ ያ ሌሊት መጣ። መብራት ሄደ በስድስት።
ልጄ ሮቢት ለሥራ፤ እኔ ብቻዬን ከቤት።
ሻማ ይዤ ብነሣ፣ ወንፊቱ ገለል ብሏል፣
ሣጥኑ ውስጥ አሸዋ፤ መቀነት ተፈቷል።

አልጋ ሥር ፈለግሁት፣ ከጫማ፣ ከጆንያ፣
ከበርሜሉ ኋላ፣ ከሣህን መደርደርያ፤
እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤
እኔ ልጥ ባየሁ ቁጥር «እሱ በሆነ» ብሎ ልቤ ይዘላል።
እሜቴስ የት አለች? ልቤ ዱብ አለ ያኔ፤
ትዝ አለኝ ያ ተረት፣ «ድመት መንኩሳ…» ወይኔ!

ከምድጃው ጥግ ነበሩ። ቡላ እንጨት ሆኖ ተጋድሞ፣
ዐይኑ ብቻ ይሠራል፣ ትንፋሹ ቆሞ፤
ሆዱ ሥር፣ ፀጉሩ ውስጥ፣ መቀነት ተጠምጥሞ
ተኝቷል።
ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ የኔ ግን ዝም፤
«ልንቀሳቀስ ወይ?» የሚል ዐይን፤ አልረሳውም።
ከጀርባው እሜቴ፣ ጥፍሯ ወደ ውስጥ ገብቶ፣
አንድ ዐይኗ ተከፍቶ።

ትንቢቱ ደረሰ ብዬ እልል ልል ቃጣኝና
ተውኩት፤ ሰላም አይደለም፣ ውርጭ ብቻ ነውና።
ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ብርድ ልብስ ፋብሪካ
የሠራሁ ሴት ነኝ፤ አውቀዋለሁ ብርድን በልኩ ስለካ፦
በሌሊት ፈረቃ፣ በዕቁብ ገንዘብ ተኳርፈው፣
ሁለት ሴቶች አይቻለሁ በአንድ ቅዳጅ ተጠቅልለው፤
ሲነጋ መልሰው ተኳረፉ።

ብርድ ልብሴን ደረብሁ፤ ለነሱም ጫፉን ለቀቅሁ፤
ድንገት እንዳልነካው እግሬን ሰበሰብሁ፤
እውነቱን ልናገር፦ እስኪነጋ አልተኛሁ።

መብራት መጣ በአሥራ አንድ። መቀነትን በጨርቅ አፍሼ
ወደ ሣጥኑ ከተትሁት፤ ወንፊቱንም መልሼ
በላዩ ላይ ጫንሁበት የእናቴን የወፍጮ መጅ።
ቡላ ቀስ ብሎ ተነሣ፣ ተንጠራራ፣ ወጣ ከደጅ፤
የሌሊቱን ጩኸት ሁሉ፣ አንድም ሳያስቀር፣
ጮኸ እስከ ረፋድ ድረስ በየሺመቤት አጥር።